እየተወለወለ የሚረክሰው የጀጎል ብር

የጸዳ ዕቃ ዋጋው ይጨምራል የሚለው እምነት በብዙ ገበያ ትክክል ነው። የታጠበ መኪና ካልታጠበው ቀድሞ ገዢ ያገኛል። የተለቀመ ቡና ካልተለቀመው የተሻለ ያወጣል። ቀለም የተቀባ ቤትም ለኪራይ አይቸገርም። ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ አሮጌ ብርና ጥንታዊ ሳንቲም ገበያ የሚገባ ነጋዴ ግን በገዛ እጁ ካፒታሉን እየፋቀ ይጥላል። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች የሚታየው የዋጋ አሰያየም የተመሠረተው በዚሁ ስህተት ላይ ነው። የጠቆረው ሳንቲም በርካሽ፣ የሚያብረቀርቀው በውድ ይጠራል። ዕቃውን የሚያውቅ ገዢ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም የሚነካው ሀብት ትንሽ አይደለም። በሐረር ብዙ ቤተሰብ ከአያት የወረሰው ብር አለው። ከፊሉ አምባር፣ ከፊሉ የአንገት ጌጥ፣ ከፊሉም በጨርቅ ተቋጥሮ የቆየ ማርትሬዛ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ በዓለም ገበያ በዶላር የሚተመነው የብር ማዕድን በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሰላ ዋጋው ከፍ በማለቱ፣ እነዚህን ዕቃዎች ወደ ገበያ ለማውጣት የሚያስብ ሰው መብዛቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሻጭ ከደላላ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር ደግሞ «አስወልውለህ አምጣው» የሚል ከሆነ ኪሳራው ገና ሽያጩ ሳይጀመር ተጀምሯል ማለት ነው።

ማወልወል ምን ይወስዳል?

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ጥቁረቱ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን የብሩ የራሱ ገጽ የተለወጠበት ሽፋን ነው። ስለዚህ ጥቁረቱን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን ብሩሽ ፍቆ ማስወገድ ማለት ከብሩ ገጽ ላይ አንድ ስስ ንብርብር ማንሣት ማለት ነው። በሎሚና በአሲድ የሚደረገውም ቢሆን ከዚህ የተለየ ውጤት የለውም፤ ፈሳሹ መልኩን ያነጣዋል እንጂ ሳንቲሙ ሲመታ የነበረውን ተፈጥሯዊ ጸዳል አይመልስም።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚያነሣው ክርክር አለ። «የሚወጣው ብር ከቁጥር የሚገባ አይደለም» ይላል። በሚዛን ከታየ እውነት አለው። አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጽሕናው ከሺህ 833 ስለሆነ በውስጡ 23.39 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ለምሳሌ ያህል ውልወላው 0.3 ግራም ቢያነሣ የጠፋው ብር ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሳንቲሙን ለማቅለጥ የሚገዛ አንጥረኛ በዚህ ምክንያት ብዙ ዋጋ አይቀንስም።

የሰብሳቢው ሒሳብ ግን በሚዛን የሚያበቃ አይደለም። ሰብሳቢው የሚከፍለው በሳንቲሙ ገጽ ላይ ላለው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በሙሉ ያለው ደግሞ እጅግ ስስ በሆነው የላይኛው ክፍል ላይ ነው። ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ ሲነሣ ከመረጃው ግማሹ ሊነሣ ይችላል።

ሁሉም 1780 ይላል

ይህ በማርትሬዛ ላይ ከሌላው ሳንቲም ይልቅ የሚብስበት ምክንያት አለ። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ቀጥሏል። ቪየና እስካሁን ትመታዋለች። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ማተሚያውን ከኦስትሪያ አስፈቅዶ በሮም ማስመታት ጀመረ፤ ቀጥሎም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ በየፊናቸው መቱ። ስለዚህ አንድ ሰው በእጁ የያዘው «የ1780» ብር በአያቱ አያት ዘመን በቀይ ባሕር በኩል የገባ ወይም በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተመታ ወይም ከአሥር ዓመት በፊት ከቪየና የወጣ ሊሆን ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ ምንም አይናገርም።

ታዲያ የሚናገረው ምንድን ነው? በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው የጌጥ ቁልፍ የያዛቸው ዕንቁዎች ብዛትና ቅርጽ፣ በንስሩ ጭራ ላይ ያሉት ላባዎች አደራደር፣ ከምስሏ በታች ያሉት ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በጠርዙ ዙሪያ በላቲን የተጻፈው «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ቃል ናቸው። የትኛው ሳንቲም ከየትኛው ማተሚያ ቤት እንደወጣ ባለሙያ የሚለየው በእነዚህ ነው። ውልወላ መጀመሪያ የሚደመስሰውም ከፍ ብለው የወጡትን እነዚህኑ ምልክቶች ነው። ብርቅ የሆነው ማርትሬዛ ተወልውሎ ሲወጣ ከተራው የሚለይበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ በተራው ዋጋ፣ ማለትም በሚዛን፣ ይሸጣል።

የሚገርመው፣ ይህን ጥበብ የድሮው ነጋዴ ያውቀው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን የጎበኙ ተጓዦች ደጋግመው እንደጻፉት፣ የኢትዮጵያ ነጋዴ ማርትሬዛ ሲቀበል የራስ ጌጧን ዕንቁዎች ይቆጥር፣ የትከሻ ቁልፏን ይመረምር፣ ፊደላቱ መኖራቸውን ያረጋግጥ ነበር። ምልክቱ የጠፋበትን ብር አይቀበልም ነበር። ያ ነጋዴ ሰብሳቢ አልነበረም፤ ነገር ግን ገጹ የተፋቀ ገንዘብ ማንነቱን ያጣ ገንዘብ መሆኑን ተረድቶ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ማርትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት ሲወጣ፣ ይህ ዕውቀትም አብሮ እየደበዘዘ የሄደ ይመስላል።

መሐለቁ ደግሞ የባሰ ነው

ማርትሬዛ ቢጠፋ ሌላ ማርትሬዛ አለ። የሐረር የራሷ ሳንቲም ግን እንዲህ አይደለም። ሐረር የአሚሮች ከተማ በነበረችበት ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን መሐለቅ የሚባለውን ትንሽ የናስ ሳንቲም ገልጾ ጽፏል፤ አሚሩ በከተማው ሌላ ሳንቲም ያዘዋወረውን ይቀጡ እንደነበርም መዝግቧል። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላም በ1885 ዓ.ም. የብር መሐለቅ በዚያው በሐረር ተመትቷል። በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ዓመተ ምሕረቱ 1887 መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ የሐረሩ ከእርሱ መቅደሙን ልብ ይላል።

መሐለቅ ትንሽና ስስ ነው። በእጅ የተመታ ስለሆነ ጽሑፉ ከመጀመሪያውም ሙሉ ሆኖ አይወጣም። በእንዲህ ያለ ሳንቲም ላይ ዓመቱን ወይም የአሚሩን ስም የሚያሳየው ግማሽ ፊደል ሊሆን ይችላል። ያን ግማሽ ፊደል በብሩሽ ያጠፋ ሰው የሚቀረው አንድ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ናስ ነው። ቁራጭ ናስ ደግሞ እንደ ማርትሬዛ «ቢያንስ በሚዛን ይሸጣል» የሚባል መሸሸጊያ የለውም። የመሐለቅ ዋጋ በሙሉ ያለው በሚነበበው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ሲጠፋ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል።

ውጭ ያለው ገበያ ምን ይላል?

የዓለም የሳንቲም ገበያ በዚህ ላይ የቆረጠ አቋም አለው። በአሜሪካ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. ተከታትለው ሥራ የጀመሩት ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉት ድርጅቶች ሳንቲምን መርምረው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። ጉዳት በሚያደርስ መንገድ የጸዳ ወይም የተወለወለ መሆኑን ሲያውቁ ግን ነጥቡን ይከለክሉታል፤ ሳንቲሙ ትክክለኛ መሆኑንና ጉድለቱን ብቻ ይጽፉበታል። ነጥብ የተከለከለ ሳንቲም በጨረታ ላይ ከእኩዮቹ በታች ይወርዳል።

ይህ ሕግ በሳንቲም ብቻ የተወሰነ አይደለም። ልጆች የሚጫወቱበት የመስታወት ብይ እንኳ በአሜሪካና በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ዕቃ ነው። በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ላውሻ ከተማ በእጅ የተሠሩት ይፈለጋሉ። የተፈነከተ ብይ በማሽን ሊሞረድ ይችላል። ነገር ግን ብይ ክብ ስለሆነ ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ብቻ መሞረድ አይቻልም፤ ዙሪያውን በሙሉ እኩል ማውረድ ያስፈልጋል። 20 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 19 ከወረደ ከይዘቱ ከመቶ 14 እጅ ያህሉ ሄዷል። በእጅ መሠራቱን የሚያረጋግጠው፣ ከዘንጉ ሲቆረጥ የቀረው ጠባሳም አብሮ ይሄዳል። ውጤቱ ለዓይን ያማረ፣ ለሰብሳቢ ግን ከደህናው በእጅጉ የረከሰ ብይ ነው። በዚያ ገበያ የሚያስማማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻጩ «ይህ ተሞርዷል» ብሎ አስቀድሞ መናገሩ።

የደላላው ጥቅምና የባለቤቱ ጥቅም

ውልወላ ይህን ያህል ጎጂ ከሆነ ለምን ይቀጥላል? መልሱ የሚገኘው ማን ምን እንደሚያተርፍ በማየት ነው። የሚወለውለው ሰው በቁጥር ይከፈለዋል፤ የሳንቲሙ ማንነት አያገባውም። ደላላው ኮሚሽን የሚያገኘው ዕቃው ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ ቢሸጥ ከስድስት ወር በኋላ በጥሩ ዋጋ ከሚሸጥ ለእርሱ ይሻለዋል። ማብረቅረቁ ሽያጩን ያፋጥናል። ጠቅላላ ኪሳራውን ብቻውን የሚሸከመው ባለቤቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ አነስተኛ መረጃ ያለው ነው።

ቱሪስቱ የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል የሚለውም ክርክር መታለፍ የለበትም። እውነት ነው፤ ለመታሰቢያ አንድ ሳንቲም ይዞ ለመሄድ የሚፈልግ እንግዳ ጥቁሩን ትቶ ነጩን ያነሣል። ነገር ግን ይህ ገዢ ዋጋ የሚከፍለው ለመታሰቢያነቱ ነው፤ የቅርብ ጊዜ የቪየና ምትም ለእርሱ ያው ነው። ለዚህ ገዢ ብርቁን ሳንቲም ፍቆ ማቅረብ ለጠጅ ቤት ደንበኛ የሠርግ ሰንጋ እንደማረድ ነው። ሁለቱ ገበያዎች የተለያዩ ናቸው፤ ዕቃቸውም መለየት አለበት።

ከዚህ የባሰው አደጋ በጠቅላላው ገበያ ላይ የሚመጣው ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት ጥናት እንዳሳየው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ ማወቅ ካልቻለ፣ ገዢው ሁሉንም ዕቃ እንደ ጎደሎ ቆጥሮ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ደህናውን ዕቃ የያዘ ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ጎደሎው ብቻ ይሆናል። አከርሎፍ ምሳሌ ያደረገው አሜሪካኖች «ሎሚ» የሚሏቸውን ብልሽታቸው የተሸፈነ አሮጌ መኪናዎች ነው። ብሩን በሎሚ እያሹ የሚሸጡ ነጋዴዎች ከስያሜው የራቁ አይደሉም። ቀዳዳው በቆርቆሮ የተደፈነ ማርትሬዛ፣ አዲስ ሆኖ ሳለ በጭስ የጠቆረ ማርትሬዛ፣ ተፍቆ የነጣ ማርትሬዛ በአንድ ሳህን ላይ ሲደባለቁ፣ የሚያውቅ ገዢ ሁሉንም በሚዛን ዋጋ ይጠይቃል ወይም ጥሎ ይሄዳል። ያኔ ሳይፋቅ የያዘውም ሐቀኛ ነጋዴ አብሮ ይቀጣል።

ጌጣጌጥ ለብቻው ነው

ይህ ሁሉ ሲባል ውልወላ በሁሉም ዕቃ ላይ እርም ነው ማለት አይደለም። የሚለበስ ጌጥ ከሳንቲም ይለያል። አምባር በእጅ ላይ ሲውል ሰውነትና ልብስ እያሸው የሚያድር ዕቃ ነው፤ በለብታ ውሃና በሳሙና አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ዋጋውን አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቀጭን የብር ክርና በጥቃቅን ፍሬ የተሠራው ጌጥ ላይ ነው። በብሩሽ ሲታሽ ፍሬዎቹ ይረግፋሉ፤ ሥራው የታየበት ቦታ ይለሰልሳል። የተሰበረውን በእርሳስ ወይም በቆርቆሮ መበየድም አንጥረኛው በኋላ ሲያቀልጠው ብሩን ያበላሽበታልና ከዋጋ ይቀነሳል። ጥቁረቱ ራሱም ምስክር ነው፤ ብር ሲቆይ ይጠቁራል፣ ብር መሳይ የኒኬል ቅልቅል ግን በዚያ መልክ አይጠቁርም። ሁለቱም ተወልውለው ሲቀርቡ ገዢ በዓይኑ መለየት ይቸግረዋል።

እንዲሁም ተበስቶ ለአንገት ጌጥ የዋለ፣ ገጹ ያለቀ ተራ ማርትሬዛ ከብሩ ሌላ የሚያጣው ዋጋ ስለሌለ ቢወለወል ጉዳት የለውም። ቀዳዳውን መድፈን ግን ዋጋ አይጨምርም። የተበሳ ብር ቢያንስ የማን አንገት ላይ እንደዋለ የሚናገር ታሪክ አለው፤ የተደፈነ ብር ግን ጌጥም ሳንቲምም አይደለም።

እንግዲህ ነጋዴው ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ነገር መቸኮልን መተው ነው። ያልተወለወለ ሳንቲም ነገ ሊወለወል ይችላል፤ የተወለወለ ግን ወደነበረበት አይመለስም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ምርጫን ክፍት አድርጎ ማቆየት ራሱ ዋጋ አለው፤ ይህ ምርጫ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት እዚህ ላይ እንኳ ያንሳል፤ በብሩሽ የተጠረገ ፊደል ተመልሶ አይለቀምምና።

ሁለተኛው ሚዛንና አጉሊ መነጽር ነው። ማርትሬዛ ከ28 ግራም በጉልህ ከወረደ ተፍቋል፣ ተሞርዷል ወይም ከመጀመሪያውም ሐሰተኛ ነው። ሦስተኛው፣ ሻጭ ለገዢ በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ የዕቃውን ሁኔታ መጻፍ ነው። «ያልተነካ»፣ «የታጠበ»፣ «የተወለወለ»፣ «ቀዳዳው የተደፈነ» የሚሉ አራት ቃላት ይበቃሉ። ይህን መጀመሪያ የጀመረ ሱቅ ለአንድ ሰሞን ጥቂት ሽያጭ ሊያጣ ይችላል፤ ነገር ግን የሚያውቁ ገዢዎች ተጠቋቁመው የሚመጡት ወደ እርሱ ነው። አራተኛው፣ ባለቤቱ የደላላውን ምክር ከመቀበሉ በፊት ዕቃውን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት አለበት። ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የሐረርን ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች ለሕዝብ ያሳያል፤ ያልተፋቀ መሐለቅ ምን እንደሚመስል እዚያ ሄዶ ማየት የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

አምስተኛውና ማንም ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባው ሕጉ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራም በባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲሆን ያዝዛል። የአሚሮች ዘመን መሐለቅ እንደ ተራ ዕቃ የሚነገድበት አይደለም። ስለዚህ ብሩሹን የሚያነሣ ሰው ኪሱን ብቻ ሳይሆን ተጠያቂነቱንም ማሰብ ይኖርበታል። አሮጌ ሳንቲም ይዞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ወይም የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አስቀድሞ መጠየቅ በኋላ በፍተሻ ጣቢያ ላይ ከመከራከር ይቀላል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የዓለም ዓይን ያረፈው በአሮጌነቷ ላይ ነው። ማንም ሰው ግንቡ እንዲነጣ ተብሎ ድንጋዩ ይፋቅ አላለም። በግንቡ ውስጥ የሚሸጠው ብር ከግንቡ በምን ይለያል? ገዢው ከሩቅ አገር ድረስ የሚመጣው ዕድሜ ለመግዛት ነው። ዕድሜውን ፍቆ ጥሎ ብረቱን ብቻ የሚያቀርብ ነጋዴ ውዱን ዕቃ በነጻ ሰጥቶ ርካሹን ለሽያጭ ማስቀመጡን ሒሳብ ሲሠራ ይደርስበታል።